ጊታሬን እንደ ክራር ቃኘሁት

ሶኒክ ዩዝ የተባለውን የአሜሪካ ሮክ ባንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ዕለት አሥር ደቂቃ አልቆየሁም። ሁለት ጊታር ላይ በላይ ይጮኻል፤ ዘፈኑ የት እንዳለ አልያዝ አለኝ። አልበማቸው «ዴይድሪም ኔሽን» ደግሞ ሰባ ደቂቃ የሚሄድ ድርብ አልበም ነው። ትቼው ወጣሁ።

የመለሰኝ ጊታር ነው። የአልበሙን መክፈቻ «ቲን ኤጅ ራየት»ን ልጫወት ብዬ ሁለት ሳምንት ታገልኩ። ጣቶቼ ድምፆቹን ያገኛሉ፤ ያ ደወል የሚመስል ማስተጋባት ግን አይመጣም። ችግሩ ጣቴ መስሎኝ ነበር። ለካ ቅኝቱ ነው። የባንዱ ጊታሪስት ተርስተን ሙር በዚህ ዘፈን ላይ ጊታሩን የሚቃኘው ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ብሎ ነው።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። አምስት ድምፅ፣ ስድስተኛው የመጀመሪያው ድጋሚ። ይሄ እኮ ትዝታ ሜጀር ነው! የአውታሮቹ አደራደር ይለያይ እንጂ ባለ ስድስት አውታር ክራር በትዝታ ሲቃኝ የሚይዘው እነዚህኑ ነው። ዘፈኑ ትዝታ ነው ማለቴ አይደለም። ሙር ጣቱን ሲያሳርፍ ሌላ ድምፅ ይገባል፤ ሁለተኛው ጊታሪስት ሊ ራናልዶም በሌላ ቅኝት ይመጣበታል። መነሻው ግን ጆሮዬ ከልጅነቱ የሚያውቀው ነው።

ቸኮልኩና ሁለተኛውን ክር ወደ ላይ ወጠርኩት። ተበጠሰ። በማግስቱ ሁለት ጥቅል ክር ገዛሁ። ከሁለቱ ጥቅል ሁለት የኤ፣ ሁለት የዲ፣ ሁለት የጂ ክር ወሰድኩ። አንዱን ኤ ወደ ጂ አወረድኩ፣ አንዱን ዲ ወደ ቢ፣ አንዱን ጂ ወደ ኢ። የቀሩትን እንዳሉ ተውኳቸው። ስድስቱም በአንድ ኦክታቭ፣ ከጂ እስከ ቀጣዩ ጂ፣ ውስጥ ገቡ፣ አንድም አልተበጠሰ። ወፍራሞቹ ክሮች አንገቱ ጫፍ ላይ ባለው ማሳለፊያ አልገባ ስላሉ እሱን በጥቂቱ መሞረድ ነበረብኝ።

ክራር የሚጫወተው አጎቴ ከሳሎን ሰማኝ። «አንተ፣ ማን ነው ትዝታ የቃኘልህ?» አለኝ።

«ጋሼ፣ አሜሪካኖች ናቸው» አልኩት። አልበሙን ከፈትኩለት። ጩኸቱ ሲጀምር ይነሳል ብዬ ነበር፤ አልተነሳም። «ይነዝራል፤ እንደ በገና» አለ። እውነቱን ነው። በገና ላይ ከአውታሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራውን፣ የምናስገባው እንዲነዝር ብለን አይደል? ሆን ተብሎ ለሚሠራ ንዝረት እንግዳ አይደለንም። ከዚያ ቀን በኋላ ሰባውን ደቂቃ እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ አሁንም እሰማዋለሁ።

የራሴን ስቀዳ ግን ሌላ ስህተት ሠራሁ። ዲስቶርሽኑን፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን፣ እስከ ጥግ ከፈትኩት። የወጣው ጭቃ ነው። አልበሙን እንደገና በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁ፤ እዚያ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1988 ኒው ዮርክ፣ ግሪን ስትሪት ስቱዲዮ የቀዳቸው ኒክ ሳንሳኖ በሂፕ ሆፕ የሠራ ሰው ነበር፤ ጥራቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ዲስቶርሽኑን ከግማሽ በታች ሳወርደው የእኔም ክሮች መለየት ጀመሩ።

አልበሙ ገና ሲወጣ ተወዷል። በዚያው ዓመት በቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ የሃያሲያን ምርጫ ሁለተኛ ሆነ። አንደኛው የሂፕ ሆፕ ቡድኑ የፐብሊክ ኤነሚ አልበም ነው፤ እሱም በከፊል የተቀዳው እዚያው ግሪን ስትሪት ነው! ሶኒክ ዩዝ እ.ኤ.አ. በ1990 ቀጣዩን አልበሙን በትልቁ የጌፈን ሙዚቃ ኩባንያ ሥር አወጣ። በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ዴይድሪም ኔሽን»ን እ.ኤ.አ. በ2005 የብሔራዊ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ የአጎቴ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበልጣል።

አሁን የቀረኝ የራናልዶ ክፍል ነው። የእሱ ቅኝት ጂ፣ ጂ፣ ዲ፣ ዲ፣ ጂ፣ ጂ ነው። አጎቴን በክራርህ ያዝልኝ ብዬዋለሁ። ክራሩን በሁለት ድምፅ ብቻ ለመቃኘት እስካሁን እሺ አላለኝም።