ከበረቱ እስከ ባሕር ዛፉ፦ ካሊበር በመምረጥ ያለፉ ስድስት ወራት

ሰኔ ላይ ደብተሬን ስከፍት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍኩት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ለቀበሮ ከሁሉ የሚበረታው ጥይት የቱ ነው?» አሁን ኅዳር እየተገባደደ ነው። ያ ጥያቄ እዚያው ገጽ ላይ ተሰርዞ ከሥሩ ሌላ ተጽፎበታል። ዛሬ የማካፍላችሁ ሁለተኛው ጥያቄ እንዴት እንደመጣ ነው። ካሊበር (የጠመንጃ ጥይት መጠንና ዓይነት) መምረጥ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ እኔ በገባሁበት በር ስለሚገባ፣ ከመካከላችሁ ለአንዱ እንኳ ጊዜ ቢቆጥብለት ደስ ይለኛል።

ቦታው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። የእናቴ ወንድም ጋሼ እዚያ ሃያ ሦስት በጎች ነበሯቸው። ዝናቡ ሲጀምር ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፣ ጉሙ እስከ ረፋድ አይነሳም፣ ቀበሮውም ይደፍራል። ግንቦት ላይ ሦስት ግልገል ወሰደብን። ሰኔ በገባ በሳምንቱ ደግሞ ጅብ አጥሩን ጥሶ አንዲት እናት በግ ጎተተ። ጠዋት ስደርስ ጋሼ ደሙን በአፈር እየሸፈኑ ነበር። ምንም አላሉኝም፣ እኔም ምንም አላልኩ። ደብተሩን የገዛሁት በዚያው ቀን ነው።

ወደ ጥይቱ ከመሄዴ በፊት ስለ ሕጉ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጠመንጃ ያለ ፈቃድ አይያዝም። በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ደግሞ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም፤ በግ በልቶብኛል ማለት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ስለዚህ አንድን ካሊበር ከመውደዳችሁ በፊት ምን እንደሚፈቀድላችሁ ጠይቁ። እኔ በተቃራኒው ነው የሄድኩት፤ ሁለት ወር ሙሉ በወረቀት ላይ ጠመንጃ ስመርጥ ቆይቼ ነው ቢሮ የገባሁት።

ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው ኮሎራዶ ነው። እዚያ በፈቃድ ኮዮቴ ያድናል፤ ኮዮቴ ከኛ ቀበሮ ከፍ የሚል፣ ጥጃና በግ የሚፈታተን አውሬ ነው። በጋ ላይ ደግሞ ፕሬሪ ዶግ የሚሏቸውን ጉድጓድ ቆፋሪዎች ይመታል። ስልክ ደውዬ ሳማክረው አላመነታም፤ «.22-250 ነው የሚሻልህ፣ ሌላውን ተወው» አለኝ። የሱን ምክር ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። እነዚህ ትንንሽና ፈጣን ጥይቶች የተወለዱት እሱ ባለበት አገር ነው፤ አብዛኞቹም እሱ በሚያድንበት ዓይነት ሜዳ። .220 ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1935 ወጣ፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 1,250 ሜትር ይደርሳል። .22-250ን የጠመንጃ ባለሙያዎች በየቤታቸው ሲሠሩት ከኖሩ በኋላ ሬሚንግተን በ1965 መደበኛ ምርት አደረገው። .222 ሬሚንግተን በ1950 መጣ፣ ታናሹ .223 በ1964 ተከተለ። .243 ዊንቸስተር የ1955 ነው፤ የ.308ን ቀለህ አንገቱን አጥብበው ነው የሠሩት። ለወታደር ጠመንጃ ከተሠራው .223 በቀር አብዛኞቹ ለአንድ ዓላማ፦ ትንሽ እንስሳ፣ ሩቅ ርቀት፣ ገላጣ ሜዳ።

ከዚያ ሒሳቡን ያዝኩ። የጥይት ጉልበት የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ነው። .22 ሎንግ ራይፍል 2.6 ግራም እርሳስ (ከቀለሁ ተለይቶ የሚበረው ክፍል) በ380 ሜትር በሰከንድ ሲሆን 190 ጁል አካባቢ ይሰጣል። .17 ኤችኤምአር 1.1 ግራም በ777 ሜትር፣ 330 ጁል። .223 ባለ 55 ግሬኑ (3.6 ግራም) በ988 ሜትር፣ 1,740 ጁል። .22-250 ያንኑ እርሳስ በ1,120 ሜትር ይልካል፣ 2,230 ጁል። .243 ባለ 100 ግሬኑ 2,640 አካባቢ። ገጹን ሞላሁና ከላይ ወደ ታች በጉልበት ደረደርኳቸው። ምርጫው ያለቀ መሰለኝ።

ያፈረሰብኝ ከጋሼ ቤት ግድግዳ ላይ ያገኘሁት ነገር ነው። ከአያታቸው የቀረ የውጅግራ ቀለህ በጠፍር ታስሮ ተሰቅሏል። ውጅግራ ማለት የፈረንሳዮቹ የ1874ቱ ግራ ጠመንጃ ነው፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ። ቀለሁን አውርጄ በመዳፌ ያዝኩት፤ ከባድ ነው፣ ነሐሱ ጠቁሯል፣ ቂጡ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ይሰፋል። ወንድሜ ባለፈው ሲመጣ ያመጣልኝ ባዶ የ.223 ቀለህ ከቁልፌ ጋር ታስሮ ኪሴ ውስጥ ነበር። ፈትቼ በውጅግራው አፍ ላይ አስጠጋሁት። ቂጡን አስቀድሞ፣ ሳልገፋው፣ ተንሸራቶ ገባና ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ገልብጬ ነው ያወጣሁት።

ማታውኑ የውጅግራውን ሒሳብ ሠራሁ። 25 ግራም እርሳስ፣ 455 ሜትር በሰከንድ፣ 2,590 ጁል ገደማ። ከ.243 ጋር እኩል ሊባል ምንም አልቀረው! በኔ ዝርዝር መሠረት ቢሆን ውጅግራ ከ.223 እጅግ የተሻለ የቀበሮ ጠመንጃ ሊሆን ነው። ግን 200 ሜትር ላይ የውጅግራ እርሳስ ከሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ የ.223ቱ 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የቀበሮ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ የሲኒ ማስቀመጫ ቢያክል ነው። ርቀቱን በ20 ሜትር የሳተ ሰው በውጅግራ ወይ አፈር ይመታል ወይ እግር ይሰብራል። ጉልበቱ እኩል ሆኖ ሥራው ይህን ያህል ከተለያየ፣ በጉልበት መደርደሩ የትም እንደማያደርሰኝ ገባኝ።

ሁለተኛው ስህተቴ የከፋ ነበር፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ጉልበትን ስተው ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። .22 ሎንግ ራይፍል ደካማ ነው፣ ድምፁም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ሰው በሚኖርበት አካባቢ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው አልኩ። ሐምሌን ሙሉ በዚህ አምኜ ነው ያለፍኩት። ይህ እርሳስ ግን ዝግ ያለና ድፍን ስለሆነ ጠንካራ መሬት ወይም ውሃ በጠባብ ማዕዘን ሲያገኝ አይሰበርም፤ ይነጥራል። በነፃ ከተለቀቀ ደግሞ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። ልጆች ሆነን በጠፍጣፋ ድንጋይ ኩሬ ላይ እናስዘልል የነበረው ማለት ነው። የሐምሌ ሱሉልታ ደግሞ ሜዳው ኩሬ ነው። በአንጻሩ ለትናንሽ አውሬ የተሠራው ቀጭን ልባስ ያለው የ.223 እርሳስ በዚያ ፍጥነት አፈር ሲነካ አብዛኛውን ጊዜ ይበታተናል፤ ለመንጠር የሚተርፍ አካል ብዙም አይኖረውም። አብዛኛውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፤ ድንጋይ ሲሆን ምንም ዋስትና የለም። ብቻ ደካማ ያልኩት ለጎረቤት የባሰ አደገኛ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ 100 ሜትር ላይ የቀረው ጉልበት ቀበሮን ወዲያው የሚገድል አይደለም፤ አቁስሎ ይሰደዋል፣ የቆሰለውም ጫካ ገብቶ ለቀናት ይሰቃያል። ይህን ማድረግ አልፈልግም።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ከጋሼ ልጅ ጋር በሃምሳ ሜትር ገመድ ቦታውን ለካን። ከበረቱ እስከ ባሕር ዛፉ 74 ሜትር። እስከ ድንጋይ ካቡ 110። ከካቡ ወዲያ የቅጠል ተሸካሚ እናቶች መንገድ ነው። በደቡብ በኩል አስፋልቱ፣ በምዕራብ ዘንድሮ የተሠሩ አራት ቤቶች። በምሥራቅ ብቻ፣ 85 ሜትር ላይ፣ ወንዙ የቆረጠው ከሰው ቁመት ከፍ ያለ የአፈር ገደል አለ። ሁሉንም በደብተሩ ላይ ሳልኩት። ያ ሥዕል ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ አስተማረኝ። ወንድሜ የመከረኝ .22-250 ከ.223 የሚበልጠው በሰከንድ 130 ሜትር ያህል ነው፤ ለዚያች ጭማሪ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ የበለጠ ባሩድ ያቃጥላል፣ በርሜሉንም ቶሎ ይበላዋል። በሱ ሜዳ፣ 350 ሜትር ላይ፣ ዋጋ አለው። በኔ 85 ሜትር ላይ ልዩነቱን ቀበሮውም እኔም አናውቀውም። ሥዕሉን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ደወለና «ወንድሜ፣ ይሄን አላየሁም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምክሩ ተለውጧል።

የሰዓቱም ነገር አለ። ቀበሮ የሚንቀሳቀሰው ሲነጋጋና ሲመሻሽ ነው። ሱሉልታን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ላይ ሯጮች አሉ፣ መንገዱ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ሊለቅሙ የሚወጡ ሴቶች አሉ። አውሬውና ሰው የሚወጡበት ሰዓት አንድ ነው።

ጥቅምት 14 ማታ ውሻው ሲጮህ ወጣን። ጋሼ ፈቃድ ያለው አሮጌ ቤልጂግ አላቸው፣ ባለ 7.92 ማውዘር። ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባሕር ዛፉ ጥግ ሁለት ዓይኖች አረንጓዴ ሆነው በሩ፣ ዝቅ ብለው፣ ሳይንቀሳቀሱ። ጋሼ ጠመንጃውን ለማስፈራራት ያህል እንኳ ከትከሻቸው አላወረዱም። «ዓይኑን ተወው፣ ከኋላው ያለውን እየው» አሉኝ ቀስ ብለው። ባትሪውን ሳጠፋው ነው ያየሁት፤ ዓይኖቹ በነበሩበት ትክክል፣ በዛፎቹ መካከል፣ የመስኮት መብራት ነበር። ከአዲሶቹ ቤቶች አንዱ። ቀን ገመድ ጎትቼ የለካሁት ቦታ ነው፣ በደብተሬ ላይም ስዬዋለሁ፤ ሌሊት ግን ዓይኖቹን ብቻ ነበር የማየው። በማግስቱ ሄጄ ቆጠርኩ። በዚያ መስኮት በኩል የሚተኙት ሦስት ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የሰረዝኩት የዚያን ሌሊት ነው። ከሥሩ የጻፍኩት፦ «ጥይቱ ቀበሮውን ካለፈ ወይም ከሳተ በኋላ የት ያርፋል?»

በዚህ ጥያቄ ሲመዘን እስካሁን የደረስኩበት .223 ነው፣ ከ50 እስከ 55 ግሬን ባለው፣ ጫፉ ለስላሳ ወይም ፕላስቲክ በሆነ ቶሎ በሚበታተን እርሳስ፣ ወደ ምሥራቁ ገደል ብቻ። ካሊበሩ ብቻውን ምንም እንደማይነግራችሁ ልብ በሉ። ያው .223 ሙሉ ልባስ ባለው የወታደር ዓይነት እርሳስ ከተጫነ ቀበሮውን ሰንጥቆ ይሄዳል፣ መንገዱንም ይቀጥላል። ደግሞ 5.56 የወታደር ጥይት መልኩ አንድ ስለሆነ ብቻ .223 ተብሎ በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ መጫን የለበትም፤ ግፊቱ ከሚፈቀደው ሊያልፍ ይችላል። .17 ኤችኤምአርን ለቀላልነቱ ወድጄው ነበር፣ ግን ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ 1.1 ግራሟን እንደ ላባ ይገፋታል፣ ጉልበቷም ለቀበሮ ጠርዝ ላይ ነው።

ስለ ነፋስ ካነሳሁ፣ ጥይት አምራቾች የሚያወጡት ሰንጠረዥ አብዛኛው የተሰላው ለባሕር ወለል አየር ነው። እኛ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን፤ አየራችን ከአንድ አምስተኛ በላይ ሳስቷል። እርሳሱ ከሰንጠረዡ ያነሰ ይወርዳል፣ በነፋስም ያነሰ ይገፋል። 85 ሜትር ላይ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፣ የሳተ ጥይት ግን ከተጻፈለት በላይ ሩቅ ይሄዳል።

ጅቡን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ። 60 ኪሎ ሊደርስ የሚችል እንስሳ ላይ ያ የሚበታተን እርሳስ ትከሻው ላይ ይፈረፈራል፤ ቢያንስ .243 ባለ 100 ግሬን ይጠይቃል፣ እሱ ደግሞ ለዚህ ቦታ ከልክ በላይ ነው። ስለዚህ ለጅብ አጥር ሠራን። ድንጋዩን እስከ ደረት አድርሰን ከላይ እሾህ ጫንበት፣ በሩን በቆርቆሮ ደፈንነው፣ የታረደ በግ ትርፍራፊ ሜዳ ላይ መጣል አቆምን። ከዚያ ወዲህ ጅብ አልገባም። ቀበሮም የወሰደው አንድ ግልገል ብቻ ነው፣ እሱም ቀን፣ ከግጦሽ ላይ።

ቀበሮ ስል የምለውን ለይቼ ልናገር፤ እዚህ ያለው ግራጫ ቢጫ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረ መል ጥናት ከተኩላ ወገን የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ መሆኑን አሳይቷል። ቀይ ቀበሮ ሌላ ነው። እሱ በዓለም ላይ ያለው በኛ አገር ብቻ ነው፤ በባሌ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ የመሳሰሉ ቦታዎች፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም። ወደ እነዚያ አካባቢዎች የምትቀርቡ ካላችሁ ምሽት ላይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ያልለያችሁትን አትንኩ።

የፈቃድ ማመልከቻዬ ገብቶ መልስ እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያ ከገደሉ ሥር ያሉትን ድንጋዮች በአካፋ እያወጣን አፈር እየሞላንበት ነው፤ ግማሹ አልቋል። ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር በ12 ኢንች አንዴ የሚዞርና በ9 ኢንች አንዴ የሚዞር .223 ሁለቱንም በደጋ ላይ የሞከረ ካለ፣ የባለ 50 ግሬኑ ምቶች በየትኛው ይበልጥ ተቀራርበው እንዳረፉለት ይጻፍልኝ።