የዲቲኤስ ፓኬጆችን ከአሮጌው ሰርቨር እንዴት እንዳወጣኋቸው

አሮጌው ኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሶፍትዌር) የሚሰናበትበት ጊዜ ደርሶ ነበር። መድረሻው የ2012 ቨርዥን ነበር። ዳታቤዙ ራሱ ብዙም አላስቸገረኝም። 2012 የ2000ን ባክአፕ በቀጥታ አይቀበልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ 2008 አር2 ላይ አሳርፌ ከዚያ አሻገርኩት። ዋናው ጭንቅ ሌሊት ሌሊት ፋይል እያነበቡ ቴብል የሚሞሉት የዲቲኤስ ፓኬጆች ነበሩ፤ ዲቲኤስ የ2000 ቨርዥን የዳታ ማጓጓዣና መለወጫ መሣሪያ ነው። ከ2005 እስከ 2008 አር2 ባሉት ቨርዥኖች ላይ እንደ ምንም ይሠራሉ። 2012 ላይ ግን ዲቲኤስ ጭራሽ ወጥቷል፤ ያለው ተተኪው ኤስኤስአይኤስ ብቻ ነው።

ምንም ከመንካቴ በፊት የትኛው ፓኬጅ በሥራ ላይ እንዳለ ለማወቅ ፈለግኩ። ኤምኤስዲቢ በተባለው የሰርቨሩ የራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ያለው የፓኬጆች ቴብል ያሳስታል። ፓኬጁ ሴቭ በተደረገ ቁጥር አዲስ ቨርዥን ስለሚጨመርበት ዝርዝሩ ከእውነቱ ይረዝማል። ፓኬጆቹን በሰዓታቸው የሚያስነሱት ጆቦችም ብዙ አያግዙም። ትዕዛዙ «ዲቲኤስራን» ብሎ ይጀምርና የቀረው የተመሰጠረ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ይሆናል። የፓኬጁ ስም የትም የለም። መውጫ የሆነኝ የጆቡ ታሪክ ነው። ጆቡ በሠራ ቁጥር የፓኬጁን ስቴፖች (የሥራ ደረጃዎች) ስም እዚያ ይተዋል። ስሞቹን ከፓኬጆቹ ጋር እያመሳከርኩ ለየኋቸው። ማንም የማይጠቀምባቸውን ከባለጉዳዮቹ ጋር ተነጋግረን ተውናቸው። ትልቁን ድካም ያቀለለልኝ ይሄ ነው።

ከ2008 አር2 ጋር የሚመጣ የማሻገሪያ ዊዛርድ አለ። ተራ የኤስኪውኤል ትዕዛዝ የያዘ ፓኬጅ ከሆነ አሳምሮ ይለውጠዋል። ውስብስብ ሲሆንበት ግን አሮጌውን ቁራጭ እንዳለ ጠቅልሎ «የዲቲኤስ 2000 ፓኬጅ አስኪድ» የሚል ታስክ (የፓኬጅ አንድ የሥራ ክፍል) ውስጥ ይከተዋል። ከላይ ሲታይ አዲስ ነው፣ ውስጡ ያው ዲቲኤስ ነው፤ 2012 ላይ አይሄድም። ስለዚህ የዊዛርዱን ውጤት እንደ ማስታወሻ ብቻ ተጠቀምኩበት። ፓኬጁ ምን እንደሚሠራ ካየሁ በኋላ በእጄ እንደገና ጻፍኩት። ለማንም የምመክረው ይህንን ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። ፓኬጁ የጽሑፍ ፋይል ያነብና በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ በቪቢስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ያስኬዳል። የደንበኛውን ቁጥር ከባዶ ቦታ ያጸዳል፣ ባዶ ከሆነ ዜሮ ይተካል፣ ቀኑን ቆራርጦ እንደገና ይገጥማል። ይሄን ስክሪፕት ወደ ሌላ ስክሪፕት መተርጎም አልፈለግኩም። ፋይሉን እንዳለ መሸጋገሪያ ቴብል ላይ አራገፍኩትና ማጽዳቱን በአንድ የኤስኪውኤል ትዕዛዝ ጨረስኩት። አሁን ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል።

ኤስኤስአይኤስ እንደ ዲቲኤስ ቻይ አይደለም። ከኤክሴል የሚመጣ ጽሑፍ ዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ አጻጻፍ) ነው። ዲቲኤስ ዩኒኮድ ወደማይይዘው የቫርቻር ኮለም ዝም ብሎ ይለውጠው ነበር፤ ኤስኤስአይኤስ ግን «በግልጽ ለውጠህ አምጣ» ይላል። በየቦታው የመለወጫ ክፍል ከመደርደር ኮለሙን ዩኒኮድ የሚይዘው ኤንቫርቻር ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ። የግዕዝ ፊደል ለሚገባበት ኮለም ደግሞ ምርጫም የለው፤ 2012 ላይ ቫርቻር የጥያቄ ምልክት አድርጎ ያስቀረዋል። ኤስኤስአይኤስ የቫሪያብል ስም ላይም ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። ቪቢስክሪፕት ለዚህ ደንታ ስላልነበረው አሮጌው ኮድ አንዱን ስም በየቦታው በተለያየ መልክ ይጽፈዋል።

ጄት የተባለው ከኤክሴል ፋይል የሚያነበው ፕሮቫይደር (ማገናኛ) 32 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ ጆቡ ላይ የ32 ቢቱን ምርጫ ማብራት ግድ ነው። የፓስወርድ ጉዳይም አለ። ፓኬጁ ሲፈጠር በነባሪው ሚስጥሩ የሚቆለፈው በሠራው ሰው ቁልፍ ነው። በእኔ ስም ይሄዳል፣ ጆቦቹን በሚያስኬደው ኤጀንት ስም ይወድቃል። 2012 ላይ ይህን ወደ ፓራሜትር አውጥቶ የኤስኤስአይኤስ ፓኬጆች በሚቀመጡበት ካታሎግ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሰጠሁት ለማመሳከሩ ነው። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን በአንድ ፋይል አስኬድኩ፤ ውጤታቸውን በሁለት ቴብል አስቀምጬ በ«ኤክሴፕት» (በአንዱ ኖሮ በሌላው የሌለን ረድፍ የሚያወጣ ትዕዛዝ) በሁለቱም አቅጣጫ አወዳደርኩ። ይህ ብቻውን አይበቃም። «ኤክሴፕት» ተደጋጋሚ ረድፎችን እንደ አንድ ያያል፤ ስለዚህ የረድፍ ብዛት ለብቻው ይቆጠራል። ሰርቨሩ ጽሑፍ ሲያወዳድር መጨረሻ ላይ ያለን ባዶ ቦታም አይቆጥርም፤ ስለዚህ በ«ዳታሌንግዝ» የባይቱን ርዝመት ጨመርኩበት። ቀን ያለበትን ኮለም ሁሉ ደግሞ በዓይኔ አየሁት። 03/04 የሚል ቀን በአንዱ ማርች፣ በሌላው ኤፕሪል ሆኖ ሲገባ ምንም ኤረር አያሳይም።

ልዩነቱ ዜሮ የሆነለትን ፓኬጅ አዲሱ ላይ ሳበራ የአሮጌውን ጆብ አላጠፋሁትም፣ ዲሴብል ብቻ አደረግኩት። ፓኬጆቹንም አንድ በአንድ ወደ ፋይል አውጥቼ ሌላ ቦታ አስቀመጥኩ። የወር መጨረሻ ሥራ ያለባቸውን በተለይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ወር እስኪያልፉ ጠበቅኳቸው፤ የአሮጌው ሰርቨር መብራት የተነቀለው ከዚያ በኋላ ነው።