ቀይ ቦሎቄ በማዋለጃ ክፍል፦ ሐዋሳ ላይ በጨዋታ ሳሠለጥን የተማርኩት

ሐዋሳና ዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች አዋላጆችን አሠለጥናለሁ። ሥልጠና ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ ዓይነት ነው፤ የሆቴል አዳራሽ፣ ስላይድ፣ የሻይ ሰዓት፣ በመጨረሻው ቀን ፈተናና ሰርተፊኬት። ፈተናውን ሁሉም ያልፋል። ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ ምን እንደሚደረግ ብትጠይቋቸው ቅደም ተከተሉን አንድ ሳያስቀሩ ይነግሯችኋል። የሚቸግረው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁለት ተረኛ ብቻ ባለበት ክፍል፣ ደሙ እየወረደ ያንኑ መሥራት ነው። ያን ጊዜ እናትየዋን የሚያተርፋት ማን ምን እንደሚይዝ፣ ማን ለማን ምን እንደሚል አስቀድሞ የለመደ ቡድን ነው። ጨዋታ ውስጥ የገባሁት ይህን ልምምድ ፍለጋ ነው።

ጊዜው ምን ያህል አጭር እንደሆነ ልናገር። ልትወልድ በደረሰች እናት ማህፀን ውስጥ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ያልፋል። ልጁና እንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ማህፀኑ ተኮማትሮ የደም ሥሮቹን ካልዘጋ ያ ሁሉ ደም መውጫ አገኘ ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ ከሚከሰተው መድማት 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከዚሁ ከማህፀን መላላት ነው። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድም የሚሰጠው ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ በተዘገየ በየ15 ደቂቃው ከጥቅሙ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ጨዋታዬ ከሁሉ በፊት ሰዓት እንዲኖረው ፈለግሁ።

በስልክ መተግበሪያ እናድርገው ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። በስልክ ሲሆን ግን ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የየራሱን መስኮት ነው የሚያየው፤ እኔ የምፈልገው እርስ በርስ እንዲተያዩ ነበር። ስለዚህ ገበጣና ቀይ ቦሎቄ ገዛሁ። አንዱ ፍሬ 100 ሚሊ ሊትር ደም ነው። ቦሎቄው እናትየዋን በሚወክሉት የገበጣው ጉድጓዶች ይሞላል፤ የስልክ ሰዓት ቆጣሪ ይከፈታል፤ በየደቂቃው ሁለት ፍሬ ወደ ሳህን ይወድቃል። ማህፀን መታሸት ሲጀምር አንድ ፍሬ ብቻ ይወድቃል። ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት ኦክሲቶሲኑ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ ሽንት የሚያወጣው ቱቦ (ካቴተሩ)፣ የእንግዴ ልጁና የመቀደድ ምርመራው በየተራቸው ሲሟሉ መውደቁ ይቆማል። አምስት ፍሬ ከወደቀ መድማት ነው፣ አሥር ከሆነ ከባድ መድማት። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው፤ መሪ፣ ረዳት፣ መድኃኒት የሚያቀርብ እና ሰዓት የሚመዘግብ።

ከሕጎቹ ሁሉ ፍሬ ያፈራው አንዱ ነው። ስም ያልተጠራበት ትእዛዝ አይቆጠርም፤ የታዘዘው ሰውም መልሶ ካላረጋገጠ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ይህን ሕግ ያመጣሁት ደጋግሜ ካየሁት ነገር ተነስቼ ነው። መሪዋ “አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ!” ትላለች። ሁሉም ይሰማል፣ ሁሉም አንገቱን ይነቀንቃል፣ የሚደውል ግን የለም፤ እያንዳንዱ ሌላው የደወለ ይመስለዋል። ሕጉ ከገባ በኋላ “ሲስተር ሰላም፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጡንቻ ላይ”፣ “10 ዩኒት፣ ጡንቻ ላይ፣ ሰጥቻለሁ” የሚል ድምፅ መስማት ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ቲያትር ይመስላቸውና ይስቃሉ። ሦስተኛው ዙር ላይ የሚስቅ አይገኝም።

ቦሎቄው ከመጀመሩ በፊት ሌላ ነገር እናደርጋለን። ከርከዴ አፍልተን፣ ግማሽ ሊትር በሚይዘው የሃይላንድ ፕላስቲክ ለክተን፣ ከፊሉን አንሶላ ላይ፣ ከፊሉን ጋውዝ ላይ፣ ከፊሉን ባልዲ ውስጥ እናፈስና “ስንት ነው?” እንላለን። ብዙዎቹ ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ይገምታሉ፤ አንሶላ ደም ይደብቃል። ልምድ ያላቸውም ከዚህ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ የተካሄደው ጥናት ያሳየውም ይህንኑ ነው። መለኪያ ያለው ፕላስቲክ ከእናትየዋ ሥር አንጥፈው በሠሩት ሆስፒታሎች 93 በመቶው መድማት ሲታወቅ፣ በተለመደው አሠራር የታወቀው 51 በመቶ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር በስላይድ ብናገር ይጽፉታል። ከከርከዴው በኋላ ስናገር ግን የራሳቸውን ግምት እያሰቡ ነው የሚሰሙኝ።

የክስተት ካርዶቹን አዋላጆቹ ራሳቸው እንዲጽፉ አደረግሁ። “መብራት ጠፋ።” “አማቷ በሩን ገፍተው ገቡ።” “አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል።” አንዷ ደግሞ “ኦክሲቶሲኑ ፋርማሲ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ፋርማሲስቱ ኪስ ውስጥ” ብላ ጻፈች። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት ፍሪጁ ግዴታ ነው፤ ቁልፉ ግን ሌሊት ወዴት እንደሚሄድ ማንም አስቦበት አያውቅም ነበር። ያ ካርድ በወጣበት ዙር ቦሎቄው ሁሉ ሳህን ገባ። ማንም አልተናገረም። ከዚያ አንዱ ተነስቶ የእውነተኛውን ፍሪጅ ቁልፍ ሊፈልግ ወጣ፤ ፋርማሲስቱም ቁልፉም ቤት ነበሩ። በዚያው ሳምንት በየፈረቃው መጀመሪያ ጥቂት የኦክሲቶሲን ብልቃጥ በቀዝቃዛ ሳጥን ወደ ማዋለጃ ክፍል እንዲወጣ ተወሰነ። ስንት ስብሰባ ያላወጣውን ጉድለት አንድ ካርድ አወጣው። ጨዋታው ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን ጤና ጣቢያውንም እንደሚፈትሽ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር የሥልጣን ጉዳይ ነው። አንድ ቡድን ውስጥ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አንጋፋ ጤና መኮንን እና ገና የተመረቀች አዋላጅ ነበሩ። መሪው እሳቸው ናቸው። ማህፀኑ እንደላላ ያወቀችው እሷ ነበረች፤ “ጋሼ፣ ምናልባት ማህፀኑን ቢያዩት…” አለች በዝግታ። እሳቸው የደም ሥር መርፌው (ካኑላው) ላይ ነበሩ፤ አልሰሙም። ሦስት ደቂቃ አለፈ፣ ስድስት ፍሬ ወደቀ። ዙሩ ሲያልቅ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። እሷ ዝም አለች። እሳቸው ቀደሙና “ልጄ፣ እንደዚያ ስትይኝ አልሰማሁሽም። ሌላ ጊዜ ጮክ በይ፤ እዚህ ሰው ሁሉ እየሰማ ፈቅጄልሻለሁ” አሏት። በሚቀጥለው ዙር ቦታ አለዋወጥናቸው። እሷ መሪ ሆና “ጋሼ፣ ማህፀኑን አሁን ይሹ!” ስትል እሳቸው “እያሸሁ ነው” ብለው መለሱ። አክብሮቷ አልጎደለም፣ ድምፅዋም አልተዋጠም። እንዲህ ያለ ፈቃድ በስላይድ ማስተማር አይቻልም፤ ከራሱ ከታላቁ ሰው አፍ መውጣት አለበት።

ስለዚህም ከጨዋታው በኋላ ያለው ንግግር ከራሱ ከጨዋታው የበለጠ ጊዜ እንዲያገኝ እለምናለሁ። አሥር ደቂቃ ከተጫወትን ሃያ ደቂቃ እንነጋገራለን። ምን ሆነ? ያን ስታደርግ ምን እያሰብክ ነበር? ነገ ተረኛ ስትሆን ምን ትለውጣለህ? ከእነዚህ ውጪ ሌላ አልጠይቅም። ጊዜ ሲጠብ ብዙ አሠልጣኞች መጀመሪያ የሚቆርጡት ይህን ክፍል ነው፤ እኔ ቢጠብብኝ አንድ ዙር እቀንሳለሁ እንጂ ንግግሩን አልነካም።

አንድ ኃላፊ የቦሎቄውን ውጤት ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ልውሰደው ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አልሰጠሁም። ውጤቱ ደረጃ እድገት የሚነካ ከሆነ ያቺ አዋላጅ የቁልፉን ካርድ አትጽፍም፣ ጋሼም ያንን አይናገሩም። አሁን ወደ አንድ ተቋም ከመሄዴ በፊት ውጤት ከክፍሉ እንደማይወጣ ከኃላፊው ጋር እስማማለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በደኅንነት ክፍል የሚሠራ ጓደኛዬ ሕጎቹን ለእሳት አደጋ መውጫ ልምምድ ወስዷቸዋል፤ እሱም የነገረኝ ይህንኑ ነው፤ ሱፐርቫይዘር ማስታወሻ ይዞ ሲቆም የስፌት ሠራተኞቹ ዝም ይላሉ።

ጨዋታው የማይሠራውም አለ። እጅ አያሠለጥንም። በእጅ እንግዴ ልጅ ማውጣት፣ ማህፀንን በሁለት እጅ መጫን ሞዴል ይፈልጋል። ለዚህ አሁን የምንሠራው የአራስ ሕፃን ጨዋታ ካርዱንና ሞዴሉን ያጣመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ሕፃናት እንዲተነፍሱ የመርዳት ሥልጠና የመጀመሪያዋን ደቂቃ ወርቃማ ይላታል፤ ያልተነፈሰ ሕፃን በዚያች ደቂቃ ውስጥ ደርቆ፣ ተነቃቅቶ፣ ካስፈለገ በማስክ አየር ማግኘት መጀመር አለበት። ካርዱን አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ አሻንጉሊቱ ላይ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢት (አምቡ ባግ) በደቂቃ ከ40 ያላነሰ ትንፋሽ ትሰጣለች፣ ሦስተኛዋ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። የቆጠራው ፍጥነት ገና አልተስተካከለልንም፤ ሲደነግጡ ይፈጥናሉ። በሚቀጥለው ዙር በስልክ ምት እያስጠበቅን እንሞክራለን።