«ቃሉ ሰነዱ ውስጥ የለም» ካልኩ በኋላ የተማርኩት

ጥብቅና ቢሮ ውስጥ በረዳትነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ነው። አለቃዬ ስልሳ ምናምን ገጽ ያለው የአንድ ድርጅት የውስጥ ደንብ ላኩልኝና ስለ ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚናገር ነገር ካለ እንድፈልግላቸው አዘዙኝ። ፒዲኤፉን ከፈትኩ፣ ኮንትሮልና ኤፍ ተጭኜ «ጊዜያዊ ሰራተኛ» ብዬ ጻፍኩ። አልተገኘም አለኝ። «ጋሼ፣ የለም» ብዬ መለስኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

በማግስቱ ጠዋት ገጽ 41 ታትሞ፣ በእስክሪብቶ ተሰምሮበት ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። አልተቆጡኝም። «ገጽ በገጽ አንብበህ ነው ወይስ ማሽኑ ነግሮህ?» ብቻ አሉኝ። የሰው እንጀራ በእኔ ሁለት ደቂቃ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ሳስብ ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ፒዲኤፍ ማንበቢያዎችን በደንብ ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ደንቡ «ሠራተኛ»ን የጻፈው በንጉሡ ሠ ነው፤ እኔ የፈለግሁት በእሳቱ ሰ። ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን እንደ «ለ» እና «መ» የተለያዩ ናቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፤ እነዚህ ሁሉ ያው ናቸው። የሕግ ሰነድ ደግሞ በእነዚህ ፊደሎች የተሞላ ነው፤ ሕግ፣ ሥራ፣ ዓመት፣ ፍትሐ ብሔር፣ አንቀጽ። ለአንዱ ቃል ሁለት ሦስት አጻጻፍ መኖሩ እየታወቀ በአንዱ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት ትልቅ ድፍረት ነው።

አሁን የምፈልገው ቃሉን ሙሉውን ጽፌ አይደለም። አጻጻፉ የማይለዋወጠውን ክፍል እነጥላለሁ። «ሠራተኛ»ን ስፈልግ የምጽፈው «ራተ» ነው፤ «ሰራተኛው»ንም፣ «የሠራተኞች»ንም፣ «ለሠራተኛዋ»ንም አንድ ላይ ይዞልኝ ይመጣል። ለ«አንቀጽ» «አንቀ» ይበቃል። «ሥራ» ግን አጭር ስለሆነ ምርጫ የለኝም፣ «ሥራ»ንም «ስራ»ንም ለየብቻ እጽፋለሁ። ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ የሚለው ምልክት መጥፋቱንም አያለሁ፤ በአማርኛ እንደ «የ»፣ «ለ»፣ «ከ» እና «ና» ያለው ጭማሪ ከቃሉ ጋር ስለሚጣበቅ ያ ምልክት ግማሹን ውጤት ይውጠዋል። ሁለት ቃል አያይዤም አልፈልግም። በድሮ ጽሑፍ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም አንዳንድ ፋይል ምንም አልሰጥ አለኝ። ያኔ ነው ፒዲኤፍ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የገባኝ። ዛሬ ማንኛውንም ሰነድ ስከፍት መጀመሪያ አንድ መስመር በማውስ መርጬ፣ ኮፒ አድርጌ፣ ኖትፓድ ላይ እለጥፈዋለሁ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ፍለጋው ይሠራል። መስመሩ ጨርሶ አልመረጥ ካለ ሰነዱ ስካን የተደረገ ፎቶ ነው፤ ዓይኔ ፊደል ያያል እንጂ ኮምፒውተሩ የሚያየው ሥዕል ነው። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ከወጣ ደግሞ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ) በፊት በነበረው አሠራር በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ነው።

ይህ ሦስተኛው ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ከ200 በላይ የሆነው ፊደላችን የሚገባበት ሌላ ቦታ አልነበረምና። በአማርኛ በኮምፒውተር እንድንጽፍ ያደረጉን እነሱ ስለሆኑ ውለታቸው ትልቅ ነው። ግን በእነሱ የተሠራ ፒዲኤፍ ላይ ላዩን አማርኛ፣ ከሥሩ ሌላ ነው። አክሮባት ሪደር በሚባለው ፒዲኤፍ ማንበቢያ ላይ ኮንትሮልና ዲ ተጭኖ ፎንት የሚለውን ክፍል ማየት ነው፤ ቪጂ 2000 የሚል የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ስም ካለ የአማርኛ ፍለጋ ተስፋ የለውም።

ለእንዲህ ያለው ፋይል ያገኘሁት መፍትሔ ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ነው። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዐምድ የሚታተም ነው፣ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። አማርኛው አልፈለግ ሲለኝ የእንግሊዝኛውን ቃል እፈልጋለሁ፤ የላቲኑ ፊደል ስላልተነካ ያገኘዋል። ከዚያ ዓይኔን ወደ ግራ መልሼ አንቀጹን በአማርኛ አነባለሁ። እንግሊዝኛው ላይ ግን አልቆምም። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በሁለቱ መካከል ልዩነት ሲኖር የሚጸናው አማርኛው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚያ ዘመን አማርኛው ዐምድ ላይ ቁጥሮቹ በግዕዝ ነበሩ። አንቀጽ 12ን በዚያ ዐምድ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ፲፪ን መፈለግ አለበት።

ሁለት ዐምድ ያለው ገጽ ኮፒ ሲደረግ አማርኛውና እንግሊዝኛው መስመር በመስመር ይደባለቃል። ስንት ጊዜ በእጄ እየለቀምኩ ለይቻለሁ። አክሮባት ሪደር ላይ አልትን ይዞ በማውስ መጎተት፣ ሱማትራ በሚባለው ሌላ ማንበቢያ ላይ ደግሞ ኮንትሮልን ይዞ መጎተት፣ የሚፈለገውን ዐምድ ብቻ በአራት ማዕዘን ይመርጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለስካን ሰነዶች ቴሰራክት የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር እጠቀማለሁ፤ ከፎቶ ላይ አማርኛ ያነባል፣ የአማርኛው የቋንቋ ፋይል ግን ለብቻው መጫን አለበት። ኦሲአር ማይ ፒዲኤፍ በሚባለው በኩል ሲሠራ ፎቶውን ሳይነካ ከሥሩ ሊፈለግ የሚችል ጽሑፍ ያስቀምጣል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን የተደረገ ንጹሕ ገጽ ላይ ደህና ይሠራል። የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ላይ ሰ እና ስን፣ ቀ እና ቁን ያምታታል። ስለዚህ ገጹን ለማግኘት እንጂ ለመጥቀስ አልጠቀምበትም፤ ወደ አቤቱታ የሚገባ ጥቅስ ሁሉ ከፎቶው ላይ በዓይኔ እየታየ ይጻፋል። እዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ 3,367 አንቀጽ አለው። አንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው ሲመራ ሄዶ መመለሻው ይጠፋኝ ነበር። አልትና የግራ ቀስት ቀድሞ ወደነበሩበት ገጽ ይመልሳል፤ አክሮባት ላይም ሱማትራ ላይም ይሠራል። አንድን ሰነድ በሁለት መስኮት ከፍቶ ትርጓሜውን በአንዱ፣ አንቀጹን በሌላው ማየትም ይቻላል። ብዙ ፋይል ካለ ደግሞ አክሮባት ሪደር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ አንድ ሙሉ ፎልደር በአንዴ ይፈልጋል። «ራተ» ብዬ ለጠቅላላው ፎልደር ሰጥቼ ቡና ላፈላ የሄድኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ ማስታወሻ የተማርኩት ግን በድንጋጤ ነው። የአንድ ውል ረቂቅ ላይ በቢጫ እያሰመርኩ ለራሴ ሐሳብ ጽፌ ነበር፤ ከነዚያም መካከል ደንበኛችን እስከ ስንት ድረስ ዝቅ እንደሚል የሚያሳይ ነበረበት። ፋይሉን ለሌላኛው ወገን ጠበቃ ልልክ ኢሜይሉን አዘጋጅቼ ሳለ ጋሼ «እስቲ ልየው» አሉና ቢጫዋን ነካኳት። ሁሉም ተዘረገፈ። ማስታወሻው ከፒዲኤፉ ጋር አብሮ እንደሚሄድ አላሰብኩም ነበር። ሱማትራ ላይ ተመልሼ እንዳገኛቸው ምልክት ያደረግሁባቸው ገጾች ዝርዝር ደግሞ የሚቀመጠው እዚያው ኮምፒውተር ላይ እንጂ ፋይሉ ውስጥ ስላልሆነ ሁሉም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አሁን እያንዳንዱን ሰነድ በሁለት ቅጂ እይዛለሁ። አንዱ ስሙ ላይ «የኔ» የሚል አለበት፣ የፈለግሁትን እሞነጫጭርበታለሁ። ሌላው «ንጹሕ» ይባላል። ከቢሮ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው።