የአባቴን ቮልስ የኪስ ቁልፍ እንዴት እንደጠገንኩ

ጎማው የተነፈሰው ቃሊቲ አካባቢ ነው። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻው፣ ስኮርታ ጎማው ሁሉም ከፊት ኮፈኑ ሥር ናቸው። ኮፈኑ የሚከፈትበት እጀታ ደግሞ የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ነው። ኪሱ ተቆልፏል። መክፈቻውን አስገብቼ ባዞረው ባዞረው አልዞርም አለኝ።

ቮልስ ያላችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ለሌሎቻችሁ ትንሽ ላስረዳ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ከፊት ያለው ስኮርታው፣ የነዳጅ ታንከሩና የፍሬን ዘይቱ ነው። የመስታወት ማጠቢያው ውሃ እንኳ የሚገፋው ከስኮርታው ጎማ በሚመጣ ነፋስ ነው። በድሮዎቹ ሞዴሎች ኮፈኑን የሚከፍተው እጀታ ከዳሽቦርዱ ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ግን ኪሱ ውስጥ አስገቡት። የእኛ የ1970 ሞዴል ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ አንድ ሌሊት ስኮርታ ጎማው ተሰረቀበት። በማግስቱ ኪሱን በቁልፍ የሚዘጋ አደረገው። ከዚያ በኋላ ያቺ ትንሽ ቁልፍ የመኪናው ግማሽ ዘበኛ ሆነች።

የዚያን ቀን ኪሱን ለመክፈት ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ የሠራው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክዳኑን በግራ እጄ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ ያዝኩት። ክዳኑ ወደ ውጭ ሲገፋ የቁልፉ ምላስ ይወጠራል፤ ሲወጠር ደግሞ ደህናው ቁልፍም ይከብዳል። ሁለተኛ፣ መክፈቻውን እስከ መጨረሻው ካስገባሁት በኋላ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ እየነቀነቅኩ አዞርኩት። ቀጭ አለና ተከፈተ። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ በኃይል እንዳታዞሩ። መክፈቻው ውስጥ ከተሰበረ ሌላ ጣጣ ነው።

ቤት እንደደረስኩ መጀመሪያ ያደረግኩት ኮፈኑን ከፍቶ መተው ነው። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ፤ ኮፈኑ ሦስቱንም ቀን በግቢው ውስጥ ክፍት ነበር። ኮፈኑ ተዘግቶ ሳለ ቁልፉን ስትሞክሩ ኪሱ ቢቆለፍባችሁ መግቢያ የላችሁም።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቤ መጠገን አልነበረም። ሶማሌ ተራ ወርጄ ሌላ ቁልፍ ፈልጌ ልቀይር ነበር። አንድ ነገር ግን ከለከለኝ። ይህን ቁልፍ ያስገጠመው አባቴ ነው። ሳልፈታው፣ ምን እንደሆነ ሳላይ መጣሉ ከበደኝ። እናም ፈታሁት።

ቁልፉ በክዳኑ ውስጠኛ በኩል ተይዟል። ክዳኑ ከተከፈተ መፍታቱ ቀላል ነው፤ አንድ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ በቂ ናቸው። ሲወጣ ከውስጡ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር አብሮ ወጣ። ያ የእኔ ሥራ ነው። ቁልፉ ባስቸገረኝ ቁጥር ዘይት እነፋበት ነበር። ለሳምንት ይሻለዋል፤ ከዚያ ይብሳል። ዘይቱ የአዲስ አበባን አቧራ ይይዛል፤ አቧራውና ዘይቱ ተላቁጠው ትንንሾቹን ሞላዎች ያጣብቃሉ። ዓመታት ሙሉ እየጠገንኩ መስሎኝ እያበላሸሁት ነበር።

አሁን የቁልፉን ሆድ ቀረብ ብለን እንየው። የሚዞረው ክፍል፣ ሲሊንደሩ፣ ከትንሽ ጣት አይወፍርም። በውስጡ አምስት ስስ የናስ ሳህኖች ተደርድረዋል። እያንዳንዷ ሳህን መሐሏ እንደ መስኮት ተበስቷል፤ መክፈቻው በዚያ መስኮት ያልፋል። ከጎኗ ያለች የፀጉር ያህል የቀጠነች ሞላ ሳህኗን ወደ ውጭ ትገፋታለች። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ የመክፈቻው ጥርሶች አምስቱንም ይስቧቸውና ከሲሊንደሩ ገጽ ጋር እኩል ያደርጓቸዋል። እኩል ሲሆኑ ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዷ እንኳ ትንሽ ብቅ ካለች ሲሊንደሩ ከሚቀመጥበት ቤት ስንጥቅ ጋር ትያያዛለች፤ አይዞርም።

ስለዚህ ጥያቄው የትኛዋ ናት ብቅ ያለችው የሚል ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሲሊንደሩን ከቤቱ አውጥቼ መክፈቻውን አስገባሁና አውራ ጣቴን በላዩ ላይ አሳለፍኩ። ሦስተኛዋና አራተኛዋ ይቆረቁራሉ። ዓይኔ ያላየውን ጣቴ አገኘው።

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር የተለወጠው። እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ የአባቴ ዕቃዎች ያሉበት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ከቁልፉ ጋር አብሮ የመጣው ሁለተኛው መክፈቻ እዚያ እንዳለ ትዝ አለኝ። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። አመጣሁትና ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞርኩ። የአዲሱ ጥርሶች ጫፋቸው ስል ነው። እኔ የምጠቀምበት ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ተድበልብሏል። ያልተነካውን ሲሊንደሩ ውስጥ ሳስገባው አራተኛዋ ሳህን እኩል ሆነች። ሦስተኛዋ ብቻ ቀረች፤ እሷም በጣም ትንሽ።

ቁልፉ አርጅቷል ስል የኖርኩት ብዙው እርጅና መክፈቻው ላይ ነበር።

ደግሞ አንድ ስህተት ነበረኝ። ከሦስት ዓመት በፊት መክፈቻው ሲያስቸግረኝ መንገድ ዳር አስቀርጬ ነበር። የሰጠሁት ያንኑ ያለቀውን ነው። መቅረጫ ማሽኑ የሚያየውን ነው የሚቀርጸው፤ ያለቀ መክፈቻ ከሰጣችሁት ያለቀ አዲስ መክፈቻ ይሰጣችኋል። በዚህ ጊዜ መርካቶ ወደሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ዘንድ ሦስቱንም ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አንድ በአንድ አገላበጧቸው።

«ልጄ፣ ይኼኛው የማን ነው?» አሉኝ ከእናቴ የብስኩት ቆርቆሮ ያመጣሁትን መክፈቻ አንስተው።

«የአባቴ ነው፣ ጋሼ። አልተሠራበትም።»

«በል ከዚህ ነው የምቀርጽልህ። እነዚያን ተዋቸው። ይኼን ደግሞ መልሰህ አስቀምጠው፤ እናቱ እሱ ነው።»

ቀርጸው ሲጨርሱ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አሻሹና በጥፍራቸው ፈተኑት። ብረቱ ላይ የቀረ ስስ ጠርዝ ሳህኖቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል አሉኝ። ይህን አላውቅም ነበር። አሁን ማንኛውንም አዲስ መክፈቻ ከመጠቀሜ በፊት በጥፍሬ እፈትሻለሁ።

የቀረችው ሦስተኛዋ ሳህን ናት። ሳህኖቹን ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጀመሪያዋን ሳወጣ ሞላዋ ተፈናጥራ ጠፋች። በባትሪ ብርሃን ወለሉን ስፈልግ አመሸሁ፤ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ አገኘኋት። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም እጄን ግልጽ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነው የሠራሁት። ብትፈናጠርም ፌስታሉ ውስጥ ትቀራለች። የወጡትን ሳህኖች በተራ ፕላስተር ላይ ለጥፌ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ጻፍኩባቸው። ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ መክፈቻው ከቁልፉ ጋር አይተዋወቅም።

ሁሉንም በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኳቸው። ጭቃው ሲለቅ የናሱ ወርቃማ ቀለም ወጣ። ሦስተኛዋን በማጉያ መነጽር ሳያት የመስኮቷ ጠርዝ ተበልቶ ትንሽ ጎድጓዳ ሠርቷል። መክፈቻው በዚያ ሲያልፍ ሳህኗን በደንብ አይስባትም። ጥሩው መፍትሔ በልኳ ሌላ ሳህን መተካት ነው። አላገኘሁም። ስለዚህ ብቅ ያለውን ጫፏን በደቃቁ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ ቀነስኩት። ሁለት ጊዜ አሻሽቼ መልሼ እገጥማለሁ፤ በጣቴ እፈትሻለሁ፤ እንደገና አወጣለሁ። አራት ዙር ፈጀ። ይህን ከአንድ ሳህን በላይ ላይ እንዳታደርጉት አደራ። ሁሉንም ከሞረዳችኋቸው ቁልፉ ለማንም ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ስኮርታችሁን ራሳችሁ አስረከባችሁ ማለት ነው።

ለማለስለሻ ዘይትም ግራሶም አልተጠቀምኩም። የእርሳስን ጥቁር ውስጥ በምላጭ ፍቄ ብናኙን መክፈቻው ላይ አሸሁት፤ ደጋግሜ አስገብቼ አወጣሁት። ደረቅ ስለሆነ አቧራ አይሰበስብም።

መልሼ ከገጠምኩት በኋላ ክዳኑን ወዲያው አልዘጋሁትም። ክዳኑ ክፍት እንደሆነ መክፈቻውን ሃያ ጊዜ አዞርኩት። ምላሱ ይወጣል፣ ይገባል። ከዚያ ብቻ ዘጋሁት። ሲዘጋ ግን አሁንም ትንሽ ይከብድ ነበር። ደንገጥ አልኩ። ቁልፉ ደህና ነው፤ ታዲያ ምንድን ነው? ዝቅ ብዬ ከጎን ሳየው ክዳኑ በአንድ ወገን ወርዷል። የማጠፊያው ብሎኖች ላልተዋል። ምላሱ ቀዳዳው መሐል ሳይሆን ጠርዙን እየመታ ነው የሚገባው። ምናልባትም ሦስተኛዋን ሳህን ለዓመታት ያስጨነቃት ይኸው ነው፤ እኔ መክፈቻውን በኃይል ሳዞር ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እነዚያ ስስ ናሶች ላይ ነው። ብሎኖቹን አጠበቅኳቸው። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ክምር ወረቀት፣ የድሮ ደረሰኝና ጨርቅ ቀነስኩለት። ክዳኑ በሁለት ጣት ገፋ ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ ይዘጋ ጀመር። እንደ ገና ብፈታው የምጀምረው ከማጠፊያው ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እናቴን ከቅዳሴ ልመልሳት ሄድኩ። ገብታ እንደተቀመጠች መነጽሯን ኪሱ ውስጥ አስቀመጠች፤ ክዳኑን ገፋች፤ መክፈቻውን ከእጄ ተቀብላ ራሷ አዞረችው። ድምፁን ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ ሌላውን፣ የአባቴን መክፈቻ ጠየቀችኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። በመሐረቧ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው፤ «ይኼ ወደ ቆርቆሮው ይመለስ» አለች።