ከድሬ የወጣ ውሃ

ጥቅምት ሊያልቅ ነው። ዝናቡ ከሄደ ሰንብቷል፤ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሮቶውን በጣቴ እያንኳኳሁ ነው የምውለው። የትኛው ተክል ይጠጣ፣ የትኛው ይታገስ የሚባልበት ጊዜ መጣ ማለት ነው።

ድሬ እያለሁ እንዲህ ያለ ሂሳብ አላውቅም። ከዚራ ሰፈር ቡጋንቪላው አጥር ዘሎ መንገድ ላይ ሲንዠረገግ ውሃ ያጠጣው ሰው ያለ አይመስልም። ሐረር መጥተን ሐኪም ጋራ ጥግ ቤት ስንይዝ የዚያን ቁራጭ ይዤ ነው የደንገጎን ዳገት የወጣሁት። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ለሰው ነጠላ መደረብ ነው፤ ለተክል ግን ሌላ አገር ነው። ቁራጩ ብርዱን እስኪለምድ ዘገየ እንጂ አልሞተም።

ቡጋንቪላን የምወደው ሲጠማ ስለሚያብብ ነው። ውሃ ከጠገበ ቅጠል በቅጠል ይሆንና አበባውን ይረሳዋል። አበባ ስንል ደግሞ፣ ያ ሐምራዊው ነገር አበባ አይደለም፤ ቀለም የገባው ቅጠል ነው። ቀረብ ብሎ ላየው በየቅጠሉ ላይ አንዳንድ ቀጭን ቱቦ ተለጥፏል፤ ጫፏ ላይ የምትፈነዳው ትንሽዬ ነጭ ነገር ናት አበባዋ። ለስንቱ እንግዳ አሳይቼ አንዱም አላመነኝም።

ጽጌረዳ ሌላ ናት። ድሬ ላይ ዛሬ ፈንድታ ነገ ትረግፋለች፤ እዚህ ብርዱ ስለሚስማማት እንቡጧ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ቀናትም ትቆያለች። ግን ጠጪ ናት፤ ደግሞም ትመርጣለች። የማጠጣት በማለዳ፣ ከሥሯ ብቻ ነው። ቅጠሏ ርሶ ካደረ ጥቁር ነጠብጣብ ይወርሳታል፤ ክረምቱን ሙሉ የታገልኩት ከሱ ጋር ነው። አሁን ተራው የክሽክሽ፣ የዚያች ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ተባይ ሆኗል። ከእንቡጡ አንገት ላይ አረንጓዴ ሆኖ ተደርድሮ ይመጣል። ግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ካየሁ ክሽክሹ እንዳለ አውቃለሁ፤ ጉንዳኑ የሚመጣው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። ቀጠን ባለ የሳሙና ውሃ በጣቴ እያሸሁ አጥበዋለሁ። መድኃኒት አልረጭም፤ ንቦቹ ያሳዝኑኛል።

ለማዳበሪያ ከርሞ የደረቀ የፍየል በጠጥ ይበቃል። ሥሯ ላይ አጥንት ቅበሪ ያለኝም አለ። ማታ ማታ ጅብ በሚዞርበት ከተማ!

ወደ ውሃው ልመለስ። ሐረር ድሮ የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በደለሉም፣ ለጫትና ለአትክልት በሚሳበውም እየሸሸ ሄዶ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ ወጥቶ፣ ያን ሁሉ ዳገት በፓምፕ ተገፍቶ ነው የሚመጣልን፤ እሱም በፈረቃ። እኔም ውሃውም የድሬ ልጆች ነን። እንዲያ ደክሞ የመጣን ውሃ አበባ ላይ ማፍሰስ ነውር ነው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ስለዚህ ከቧንቧ በቀጥታ አላጠጣም። ሩዝና ጎመን የታጠበበት ለጽጌረዳ፣ ኦሞ የገባበት ለግቢው አቧራ፣ ቡጋንቪላው እንደፈረደበት።

ጎረቤቴ እማማ ግን ይህም አላረካቸውም። "ልጄ፣ ይሄን መሬት ጫት ብትተክዪበት ስንት ብር ነበር! አበባ ይበላል እንዴ?" ይሉኛል። የብሩ ሂሳብ የሳቸው ልክ ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን ጎመን የታጠበበት ውሃ ከማን አፍ ተነጠቀ? ደግሞ ሁሉ ነገር ጫት የሆነበት ጋራ ላይ አንድ ቀይ ነገር ማየት የሚያምረኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አላምንም።

ዛሬ ጽጌረዳዋን ስገርዝ ብቅ አሉ። ወደ ውጭ ከሚያየው ዓይን፣ ማለትም አዲሱ ቅርንጫፍ ከሚወጣበት እብጠት፣ ትንሽ ከፍ ብዬ፣ በሰያፍ እየቆረጥኩ መሬት ላይ እከምራለሁ።

"አቦ፣ ይሄን ሁሉ ልትጥዪው ነው?"

ከመካከሉ የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን አራት አምስት ራሳቸው መረጡ፤ የቀዩ ዘር መሆኑንም ደጋግመው አጣሩ። ጥላ ቦታ ላይ እንዲተክሉት፣ አፈሩም እንዳይደርቅባቸው ነገርኳቸው።

"ፍየሏን ግን ይሰሯት" አልኩ።

"ፍየሌ እሾህ ምን ልታረግላት ትበላለች!"

ባለፈው ሳምንት ቡጋንቪላዬን ከነእሾሁ ሙልጭ ያደረገችው እሷው ናት።