አማቴ የቲቢ መድኃኒታቸውን እንዴት ጨረሱ

ይህን የምጽፈው አማርኛ የማይችል ሰው ይዛችሁ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ለምታሳክሙ ነው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የሚሌ አፋር ናቸው። ሳሉ አልለቅ ሲላቸው እኛ ጋ ኮምቦልቻ አመጣናቸው። አክታ ተመረመረ፣ የሳንባ ቲቢ ተባለ፣ መድኃኒቱም በነጻ ተጀመረ።

ጣጣው የመጣው ምክር በተሰጠበት ቀን ነው። እኔ ሹፌር ነኝ፤ በጅቡቲ መስመር ስመላለስ አፋርኛ ለምጃለሁ። ነርሷ ይህን ስትሰማ «በቃ አንተ አስተርጉም» አለችኝ። «ልጃቸው ትምጣ፣ እኔ አማች ነኝ» ብላት «ወረፋ አለ» አለች። በጥድፊያ ነገረችን፦ ሕክምናው 6 ወር ነው፣ መጀመሪያ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀጥሎ 4 ወር ሁለት ዓይነት፣ በባዶ ሆድ፣ እንዳታቋርጡ። አማቴ መሬት መሬት እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥያቄ? የለም። ቀጣዩ ተጠራ።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ የእናቷን ሻሽ ልታጥብ ስታነሳ ጫፉ ላይ የተቋጠሩ ክኒኖች አገኘች። ስታፋጥጣቸው ለእሷ ተናገሩ። ሽንታቸው ቀልቷል። ደም መስሏቸው፣ መድኃኒቱ ኩላሊቴን ጨረሰው ብለው አቁመዋል። ይህን ለልጃቸው ባል እንዴት ብለው ይንገሩ?

ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካንማ ቀይ ያደርጋል። ቀለሙ ጉዳት የለውም። ይህን መናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም! ነርሷ ግን ስንመለስ «እነሱ እኮ ምክር አይሰሙም» አለች። ካርዱ ላይም «ምክር የማይቀበሉ» ብላ ጻፈች። እስካሁን ያንገበግበኛል። ያልተነገራቸውን ከየት ይስሙት?

ከዚያ ወዲያ እኔ ውጭ ስጠብቅ ባለቤቴ ትገባለች። ስትወጣ እናቷ የሰሙትን መልሰው እንዲነግሯት ታደርጋለች። የጎደለ ካለ ተመልሳ ትጠይቃለች።

ረመዳን ሲገባ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሳ። በሽተኛ እንዳይጾም ሃይማኖቱ ቢፈቅድም አማቴ አሻፈረኝ አሉ። ነርሷ «ወይ ጾም ወይ መድኃኒት» ብላ ዘጋች። እኛ ሌላ ባለሙያ፣ የጤና መኮንኑን፣ አማከርን። ሰዓቱን ወደ ሱሁር፣ ጾም ከመያዙ በፊት ሌሊት ወደሚበላበት ሰዓት፣ አዛወረልን፤ ከምግቡ ቀደም ብለው ይውጣሉ። አንድም ቀን አላለፋቸውም።

«ቋንቋ የሚችል ዘመድ ይምጣ» ይሏችኋል። እኔ አልስማማም። በሽተኛው የማያፍረው ሰው ይግባ፤ ለሴት ሴት ትሁን። ትንንሽ ልጆችን በፍጹም አታስተርጉሙ። አብሯችሁ የሚኖር ሕፃን ካለ ደግሞ እንዲመረመር እናንተው ጠይቁ። እኛን ማንም አላስታወሰንም። ታማሚው ሕክምናው ሳያልቅ አገሩ ከተመለሰ የዝውውር ወረቀት ሳይዝ እንዳይሳፈር።

አማቴ ጨርሰው፣ የመጨረሻው የአክታ ምርመራ ነጻ ሆኖ ሚሌ ገብተዋል። ካርዱ ላይ የተጻፈው እንዲታረም ጠይቄ «አሁን ምን ያደርግልሃል፣ ድነዋል አይደል» ተባልኩ። አሁንም እንዲታረም እፈልጋለሁ።